ከኡፍ እስከ እፎይ

ሰኔ 4

የመሥሪያ ቤታችን የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ዛሬ ሥራ ሠራ። ለጉብኝት ቀን የሚሰቀለውን ፖስተር አመጣ። «ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚለዩ የአንጎል ቻናሎች» የሚለውን ርእስ ጽፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ሥዕሉን ለእሱ ተውኩለት። ከአንድ ትልቅ ሐምራዊ አንጎል ጎን ዲሽ አቁሞበታል። ጣሪያ ላይ የሚተከለውን፣ ሰው ኳስ የሚያይበትን ዲሽ። ምንድን ነው ይሄ ስለው «ቻናል ስላሉኝ ነው» አለኝ፤ ፊቱ ላይ እፍረት የሚባል ነገር አይታይም። አለቃችን መጥቶ አየና ለሕዝብ እንዲህ ቀለል ሲል ጥሩ ነው ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ስንት ዓመት የለፋሁበት ነገር በአንድ ዲሽ ተገለጸ።

ቢያንስ አንድ ቦታ ላይ በትክክል ተጽፎ ይቀመጥ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደም ውስጥ ሲበዛ ከውሃ ጋር ተዋህዶ አሲድ ይሆናል። ከአንጎል ግርጌ፣ ልክ ከማጅራት በላይ፣ ይህን አሲድ የሚጠብቁ ጥቂት ሴሎች አሉ። በገላቸው ላይ ፖታሲየም የሚወጣባቸው ጥቃቅን በሮች አሏቸው። አሲድ ሲመጣ በሮቹ ይዘጋሉ፤ ፖታሲየሙ መውጫ ሲያጣ ሴሉ በኤሌክትሪክ ይሞላና ይተኩሳል። «ተንፍስ» የሚለው ትእዛዝ የሚወጣው ከዚህ ነው። ሰው ሁሉ የሚተነፍሰው ኦክስጅን ስለሚጎድለው ይመስለዋል። አይደለም። የሚያስተነፍሰን አሲዱ ነው።

በቃ፣ ይኸው ነው። ዲሽ የለበትም።

ሰኔ 6

እማዬን ዛሬ ወንድሜ ሐኪም ቤት ወስዶ ከኦክስጅን ማሽን ጋር መለሳት። እኔ ሥራ ነበረኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ጥጥ መዳመጫ ፋብሪካ ውስጥ የማገችው ብናኝ ሳንባዋን ጨርሶታል፤ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ማሽኑ ከአልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብሎ እንደ አሮጌ ፍሪጅ ያጉረመርማል። ከፊቱ ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ የመስታወት ቱቦ አለችው፣ በውስጧ አንዲት ኳስ ትንሳፈፋለች። ቁልፉ ሲዞር ኳሷ ከፍ ትላለች፣ ኦክስጅኑም ይጨምራል።

እማዬ ግን ማሽን መጣም ቀረም ኡፍ ማለቷን አልተወችም። ከንፈሯን አሹላ፣ ትኩስ ሻይ የምታቀዘቅዝ ይመስል፣ ኡፍፍፍ። ከአልጋ ስትነሳ ኡፍ፣ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ኡፍ፣ እኔ ከሥራ ስገባ ኡፍ። ሰው ቢሰማ የበደልኳት ይመስለዋል።

ወንድሜ ታላቄ ነው፤ መስታወት ቆራጭ ነው። ሰፈሩ «ይቅርታ» እያለ ይጠራዋል፤ ሰው እግሩን ሲረግጠው እንኳ ይቅርታ የሚለው እሱ ነዋ። አንድ ጊዜ ላቦራቶሪ ድረስ መጥቶ ሴሎቹን የምነካበትን ከፀጉር የቀጠነ የመስታወት መርፌ ሲያይ «ለካ አንቺም የእኔኑ ሥራ ነው የምትሠሪው» ብሎ ከልቡ ደስ አለው። እንዲህ ያለ ሰው ነው ዛሬ የሕክምና ትእዛዝ ተሸክሞልኝ የመጣው። ነርሷ ኳሷ ከአንድ እንዳታልፍ ብላለች አለ። ጣት ላይ የምትሰካው የደም ኦክስጅን መለኪያ ሰማኒያ ስምንት፣ ቢበዛ ዘጠና ካለች ይበቃል ብላለች አለ። ለምን? ብዬ ጠየቅኩት።

«እንጃ፤ ብቻ አደራ ብላኛለች።»

ሰማኒያ ስምንት ለፈተና ጥሩ ውጤት ነው፤ ለደም አይደለም። ግማሹን ሰምቶ ግማሹን ከራሱ ጨምሮ እንደመጣ ነጋሪ አያስፈልገኝም።

ሰኔ 9

ኳሷን አራት ላይ አደረስኳት። መለኪያው ሰማኒያ ሰባት ሲል የነበረው ወዲያው ዘጠና ሰባት አለ። ይኸው፣ አንድ ቁልፍ ማዞር ነው። የሚያስፈራም ነገር የለውም። የእኔ ሴሎች ኦክስጅን በዛ አነሰ ግድ የላቸውም፤ ካርቦኑ ከፍ ያለ ዕለት ራሳቸው ይጮኻሉ፣ እሷም ትተነፍሳለች። ይህን ያወቅኩት ከነርስ ሰምቼ አይደለም።

ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር። «አራት አልበዛም?» አለ። ስንት ዓመት ተማርክ? አልኩት። ይቅርታ ብሎ ወጣ።

ሰኔ 12፣ በጥድፊያ

ሴሎቹ ዝም። ሁሉም። ካርቦን በበዛበት ሳጥን ውስጥ ለሳምንታት ያቆየናቸው ናቸው። አሲድ ጨመርኩ፣ ዝም። ደግሜ ጨመርኩ፣ ዝም። ትኩሶቹ እኮ ገና ጠብ ሲልባቸው ነበር የሚተኩሱት። የላቦራቶሪ ረዳታችን ገድሏቸዋል፣ ሌላ ምን ይሆናል? የሚኖሩበትን ፈሳሽ በወቅቱ አልቀየረም። ቀይሬያለሁ ይላል። አለቃችን ጋ ሄድኩ።

ማታ

ረዳቱ ከነገ ጀምሮ ብልቃጥ አጠባ ክፍል ነው። አልተከራከረም፣ ጋዋኑን አጥፎ ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ንጹሕ ሰው ቢሆን ኖሮ ይጮኽ ነበር።

ከጎኔ ያለው ማይክሮስኮፕ ላይ የምትሠራው ሴትዮ አረፍተ ነገር ያለ «ምናልባት» መጀመር አትችልም። እኔም ስሟን ረስቼ ምናልባት ነው የምላት። ዛሬ መጣችና የምለካበትን ስክሪን ከኋላዬ ቆማ አየችው። «ምናልባት ሞተው አይደለም፤ ምናልባት ለምደውት ይሆናል» አለች። ለምደውት! ሴል የጎረቤት ራዲዮ መሰላት። እንዲህ እያለች ነው እንግዲህ ደመወዝ የምትበላው። ቤት ስገባ ይቅርታ፣ መሥሪያ ቤት ስገባ ምናልባት። አንድ ቀን እንኳ «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚል ሰው ሳላገኝ ልሞት ነው።

ሰኔ 15

ልብ ብዬ ሳዳምጥ እማዬ ኡፍ ማለት ትታለች። ከትናንት ጀምሮ ይሁን ከዚያ በፊት እንጃ። ከሰዓቱን ሙሉ አልጋዋ ላይ ሆና ስታንቀላፋ ዋለች፣ ያ የከንፈር ማሾል የለ፣ ያ የደረት መውጣትና መውረድ የለ። ጸጥ ያለ፣ ዝግ ያለ ትንፋሽ። ፊቷም ቀላ ቀላ ብሏል፣ ደም ገብቶላታል፤ እንዲህ አምሮባት ያየኋት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። መለኪያው ዘጠና ስምንት። ቤቱ እፎይ አለ። እኔም እፎይ አልኩ።

አክስቴ ስትደውል ነገርኳት። አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጣት ነበር አለችኝ። ወንድሜ አጠገቤ ሆኖ ይሰማ ነበር። ይስማ።

ሰኔ 17

ጠዋት ራሷን በሻሽ ጠፍራ አሰረች፣ ይፈልጠኛል አለች። ብዙ የተኛ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ይታወቃል። ሻዩን ስሰጣት እጇ እንደ ክንፍ ተርገፈገፈና ግማሹ አንሶላው ላይ ፈሰሰ። ከዚያ በሞተች እህቷ ስም ጠራችኝና ፈረቃችን ደረሰ ወይ አለችኝ። ፋብሪካው ከተዘጋ ስንት ዘመኑ። እርጅና እንዲህ ነው፣ ከሳንባ ቢያስጥሉት በራስ በኩል ይመጣል።

መለኪያው ዘጠና ስምንት።

ሰኔ 19

ዛሬ ቤት ውስጥ ጠብ ሆነ። ከሥራ ስመለስ ኳሷ አንድ ላይ ናት። መለኪያው ሰማኒያ ዘጠኝ። ወንድሜን ጠራሁት። አልካደም።

«ሰው አልመስል አለችኝ» አለ። «ስጠራት ዐይኗን ገልጣ ታየኝና ተመልሳ ትተኛለች። ዝቅ ሳደርገው ትንሽ ነቃች። ኡፍም አለች።»

ኡፍ አለች ብሎ የምሥራች ይነግረኛል! ሴትዮዋ አየር ሲያጥራት ደስ ብሎታል። ተቆጣሁ፣ ብዙ ነገር ተናገርኩት። አንተ መስታወትህን ቁረጥ፣ ሰው አትቁረጥ አልኩት። ይህን ማለቴ ትንሽ በዛ። ነገር ግን የምለውን የማውቀው እኔ ነኝ፣ ከእናታችን ደም ጋር ቁማር የሚጫወተው እሱ ነው። ኳሷን አራት ላይ መልሼ ቁልፉን በፕላስተር ጠቀለልኩት። ሲነካው እንዳውቅ ፕላስተሩ ላይ ፈረምኩበት።

ቆሞ አየኝና «እሺ፣ አንቺ ታውቂያለሽ» አለ። በአሽሙር አልነበረም። በአሽሙር ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ሰኔ 22

የጉብኝት ቀን። ከዲሹ ሥር ቆሜ ገለጻ አደረግኩ። ከመጡት ውስጥ ግማሾቹ ለብስኩቱ ነው የመጡት። አንድ ወፍራም ነጋዴ ብስኩቱን እያላመጠ ካርቦኑ አንድ ቀን ሳይሆን ሁልጊዜ ቢበዛስ፣ ሴሎቹ ዕድሜ ልካቸውን ሲጮኹ ይኖራሉ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እንዲህ ያለው ጥያቄ ገና በጥናት ላይ ነው ብዬ ልዘጋው ስል ምናልባት ከኋላ ብቅ አለች። ምናልባት እየለመዱት ይሄዳሉ፣ ምናልባት ከዚያ በኋላ ሌላ ምልክት ካልጎተጎታቸው በቀር ዝም ይላሉ አለች። ነጋዴው ረካ። አለቃችን ራሱን ነቀነቀ። በእኔ ገለጻ ላይ ለምናልባት ተጨበጨበላት።

ምናልባት እኮ መልስ አይደለም። እኔ ባላረጋገጥኩት ነገር አላወራም።

እማዬ ዛሬ እራት አልበላችም፣ ማንኪያው አፏ ውስጥ እንዳለ እንቅልፍ ወሰዳት። ቀስ ብዬ አወጣሁት። ደህና ትተኛ ብዬ መብራቱን አጠፋሁ።

ሰኔ 24

አንድ ሴል ተገኘ! ትኩስ ነው፣ መርፌው ላይ እንደ ሙጫ ተጣበቀ፣ አሲድ ሲነካው እንደ መትረየስ። ስልኩ ይጮኻል፣ ወንድሜ ነው። እጄ መርፌው ላይ ነው። ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። መሳቢያው ውስጥም ሆኖ ይንቀጠቀጣል። መንቀጥቀጡ ልኬቱን ያበላሽብኛል ብዬ አጠፋሁት።

ሰኔ 25

ተረጋግቼ ልጻፍ።

ትናንት ወንድሜ እማዬን መቀስቀስ አቃተው። ጉንጯን መታ፣ ውሃ ረጨ፣ አልነቃችም። ትንፋሿ በመሃል እየጠፋ ይመለሳል። እኔ ጋ ደወለ፣ ደወለ፣ ከዚያ መደወሉን ትቶ የመስታወት ቤቱን ፒክአፕ አስመጥቶ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወሰዳት። ስልኬን ስከፍት ሆስፒታል የሚል መልእክት ብቻ ነው ያገኘሁት። እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። ጋዋኔን ሳላወልቅ ነበር የሄድኩት፣ ዘበኛው ሐኪም መስዬው ሳይፈትሸኝ አሳለፈኝ።

ፊቷ ላይ አየር የሚገፋ ትልቅ ጭምብል አጥብቀውላታል። ከጭምብሉ በላይ የሚታየው ግንባሯ ብቻ ነው። ፈራሁ። ብዙ ነገር ፈርቼ አውቃለሁ፣ እንዲህ ግን አይደለም።

ዶክተሩ ጢሙ ገና በቅጡ ያልወጣ ልጅ ነው። የደም ምርመራ ወረቀት ይዞ መጣና የሚያናግረው ሰው ፈልጎ ሁለታችንንም አየ።

«ኦክስጅናቸው በጣም ጥሩ ነው። ያስቸገረን እሱ አይደለም፣ ካርቦኑ ነው፤ ከመጠን በላይ ተከማችቷል፣ ደማቸው አሲድ ሆኗል» አለ። «ማሽኑ ስንት ላይ ነበር?»

«አራት» አለ ወንድሜ።

«አራት? ማን ነው ከፍ ያደረገው?»

አፌን ከፈትኩ። ከፍቼ ነበር፣ ይህን እምላለሁ። የትኛውን ቃል ላስቀድም ብዬ ሳስብ እሱ ቀደመኝ።

«እኔ ነኝ። ይቅርታ።»

ዶክተሩ አልተቆጣም። ቢቆጣ ጥሩ ነበር። ወንድሜን ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ እንደ ሕፃን ልጅ ቀስ እያለ ያስረዳው ጀመር። አንጎላችን ውስጥ ካርቦን ሲበዛ የሚጮኹ ሴሎች አሉ አለው። እስክሪብቶ አውጥቶ እጁ ላይ ባለው ወረቀት ጥግ ክብ ሠራ፣ ክቡ ላይ ትንንሽ በሮች ሠራ። አሲድ ሲመጣ በሮቹ ይዘጋሉ፣ ሴሉ ይጮኻል አለው። እናትዎ ግን ለዓመታት ካርቦን በዝቶባቸው ስለኖሩ ሴሎቹ ለምደውታል፣ እንደ ድሮው አይጮኹም። ከዚያ ላይ ኦክስጅን ሲትረፈረፍ ትንፋሽ ይዘገያል፣ ካርቦኑ ይከማቻል፣ ሰው ያንቀላፋል። ፊት ይቀላል፣ ጠዋት ራስ ያማል፣ እጅ ይርገፈገፋል፣ ነገር ይምታታል። ያየ ሰው ደህና ተኝተዋል ይላል።

«ገባዎት?» አለው።

«ገባኝ» አለ ወንድሜ። «ደህና የተኛች ይመስላል።»

በሮቹን አሳስቶ ነው የሣላቸው። ወደ ውስጥ የሚከፈቱ አስመስሏቸዋል። እኔ ጋዋኔን ለብሼ ቆሜ የማየው እነዚያን በሮች ነበር። ሲጨርስ ወደ እኔ ዞሮ እርስዎስ የት ነው የሚሠሩት አለኝ። ላቦራቶሪ አልኩት።

«ጥሩ ነዋ» አለኝ። «እንግዲያው ቤት ስትገቡ ለወንድምዎ ደግመው ቀስ ብለው ያስረዷቸው።»

ኮሪደሩ ላይ ወንድሜን ለምን እንዲህ አልክ አልኩት። ግድግዳውን ተደግፎ ነበር፣ እጁ ላይ መስታወት የቆረጠው ቁስል እንደ አዲስ ደምቷል፤ እሷን ሲያነሳ መሆን አለበት።

«አንቺ ሥራሽ ነው» አለኝ። «ሰው ቢሰማ ምን ይልሻል? እኔ እንደሆነ ለምጄዋለሁ።»

ዶክተሩ ገና ከዐይናችን አልራቀም ነበር። ብጠራው ይሰማኝ ነበር። አልጠራሁትም።

ሰኔ 27

ዶክተሩ ያለው ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም። የሴሎቹ መልመድ አንዱ ምክንያት ብቻ ነው። ኦክስጅን ሲበዛ ደም ወደማይሠራው የሳንባ ክፍል ይሄዳል፣ ሄሞግሎቢንም የያዘውን ካርቦን ይጥላል፤ ዋናው ጣጣ ምናልባት እሱ ነው። ይህን አልነገረንም። ሄጄ ላርመው ተነስቼ ነበር። እርስዎ ይህን ከየት ያውቃሉ ቢለኝስ ብዬ ተቀመጥኩ።

አሁን ሳነበው «ምናልባት» ብዬ ጽፌያለሁ። ይሁን።

አክስቴ መጣች። ዘመድ በተሰበሰበበት፣ የሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ወንድሜን እናትህን በገዛ እጅህ አለችው። አርፈህ እህትህ ያለችህን ብትሰማ ምን ነበረበት አለችው። እሱ መሬት መሬት እያየ ይቅርታ ይላል። እኔ ውሃ ልግዛ ብዬ ወጣሁ። አንድ ጠርሙስ ውሃ ለመግዛት ከሰዓቱ አለቀ። የሱቁ ሰውዬ መልስ ሲሰጠኝ ምን ሆነሻል አለኝ፣ ምን አገባህ አልኩት።

ስመለስ ጭምብሉን ለጥቂት ጊዜ አንስተውላታል። ዐይኗን ገለጠች፣ በራሴ ስም ጠራችኝ፣ ከንፈሯን አሾለችና ኡፍፍ አለች። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አንዲት ነርስ አይዞሽ ድካም ነው አለችኝ።

ሰኔ 28

ሥራ ገባሁ። ረዳቱ ጭራሽ ያልነካቸው፣ ካርቦን የበዛበት ሳጥን ውስጥ አስገብቼ እኔው ራሴ ፈሳሽ የቀየርኩላቸው ሴሎች ነበሩ። ለካኋቸው። በሕይወት አሉ። በኤሌክትሪክ ስጎሽማቸው ጥሩ አድርገው ይተኩሳሉ። አሲድ ስጨምር ዝም። ምናልባት ሻይዋን ይዛ መጥታ ስክሪኑን አየችው። አንድም ቃል ሳትናገር ተመልሳ ሄደች። በሥራ ዘመኗ ያደረገችው ብልህ ነገር ይኸ ነው።

ይህ ጥሩ ጽሑፍ ይወጣዋል። አለቃችን ደስ ብሎታል፣ አዲስ ፖስተር ይሠራ አለ። ረዳቱ አሁንም ብልቃጥ አጠባ ክፍል ነው። ምሳ ሰዓት በዚያ በኩል አለፍኩ፣ ክንዱ እስከ ክርኑ አረፋ ነው። ሰላም አለኝ። ሰላም አልኩት። ወደ ምሳዬ ሄድኩ።

ሰኔ 30

እማዬ ዛሬ ቤት ገባች። ከስታለች፣ ግን እሷው ናት፤ አልጋዋ አልተነጠፈም ብላ ስትቆጣ ነው ከመኪና የወረደችው። ወንድሜ ጠዋት ቀደም ብሎ ፕላስተሩን ከቁልፉ ላይ ልጦ አንስቶታል። ፊርማዬን አላየሁትም፣ የት እንደጣለው አልጠየቅኩትም።

ተደግፋ ከተቀመጠች በኋላ ማሽኑ ይከፈት ተባለ። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ እጁን ወደ ቁልፉ ሲሰድ እማዬ ክንዱን ያዘችው።

«አንተ ተው» አለችው። ክፉ ድምፅ አልነበረም፣ ልጅን ከእሳት ዘወር እንደማድረግ ነው። «ልትገድለኝ ነበር እኮ። ከእንግዲህ ይሄን ነገር እሷ ብቻ ናት የምትነካው። የተማረችው እሷ አይደለች?»

ወንድሜ እጁን ሰበሰበ። ይቅርታ እማዬ አላትና ቦታውን ለቀቀልኝ። ቀና ብሎ አላየኝም። ቢያየኝ ኖሮ እናገር ነበር ብዬ ልጽፍ አሰብኩ፣ እውነት አይደለም፣ አልናገርም ነበር።

ተንበረከኩ። ማሽኑ ማጉረምረም ጀመረ። ቁልፉን ትንሽ አዞርኩት፣ ኳሷ አለፈች፣ መለስኳት፣ እንደገና አለፈች። አንድ ላይ ማቆም አልቻልኩም። ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ ቆመች።

እማዬ ከላይ ሆና ታየኝ ነበር። ወደ ወንድሜ ዞረችና «አየህ» አለችው፤ «እንዲህ በጥንቃቄ ነው።»